የእትዬን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጻፍሁት

በ2015 ዓ.ም. በአንድ ዝናባም ማክሰኞ ማታ፣ ከሥራ ወጥቼ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህሬ ማረፋቸውን በስልክ ሰማሁ። ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም፤ ቤተሰባቸው እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱም፣ እኛ ተማሪዎቻቸውም በሕይወት ሳሉ ከ«እትዬ» በቀር በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም። ለቅሶ ቤት ስደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ከጋሪ ላይ እያወረዱ ነበር። የእድሩ ዳኛ ገና ሲያዩኝ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና፣ «ልጄ፣ የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ትጽፋለህ። ቀብሩ ነገ በ6 ሰዓት ነው። ጽሑፍ የምትችለው አንተ ነህ» አሉኝ። ጽሑፍ ትችላለህ የተባልሁት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሳረቅቅ ስለኖርሁ ነው፤ የችግሩም ሥር እዚያው ላይ እንደ ነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ይህን ተሞክሮ የምጽፈው በየሰፈሩ እንደ እኔ በአንድ ሌሊት ይህ ሥራ ትከሻው ላይ የሚወድቅበት ሰው ስለማይጠፋ ነው። እኔ የእትዬን የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን በአንድ ሌሊት ለቀብራቸው፣ ሌላውን በ40 ቀን ለአርባቸው። የመጀመሪያው ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እሱን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጨረስሁት። እንዴት ያለ ጽሑፍ እንደ ነበር ለማወቅ፣ ማንኛችሁም በቅርቡ የሰማችሁትን የቀብር ንባብ ብታስታውሱ ይበቃል። ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በተመደቡበት ሁሉ በቅንነትና በታታሪነት አገለገሉ፤ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከዚህ ውስጥ አንድም ሐሰት የሆነ ቃል የለም። ይሁን እንጂ የእርሳቸውን ስም አውጥቼ የጎረቤታቸውን ስም ባስገባበት ኖሮ፣ ጎረቤትየውም አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ሊቀበሩበት ይችሉ ነበር።

ከዚህ የባሰው የዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ነው። በዚያ ሌሊት የትውልድ ዘመናቸውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ከነበረ የሕክምና ካርድ ላይ 1951 የሚለውን ቁጥር ወስጄ ጻፍሁ፤ ማስተማር የጀመሩበትን 1964ን ደግሞ ከጡረታ ወረቀታቸው አገኘሁ። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽሑፉ ሲነበብ፣ ከኋላዬ የቆሙ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታዲያ በ13 ዓመታቸው ነው የተቀጠሩት?» ሲሉ ሰማሁ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነበር፤ እትዬ የተወለዱት በ1943 ዓ.ም. ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ ወዲያ ባሉት ወራት 8 ዓመት ስለሆነ፣ ዓመቱን ለመመለስ ወሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ከማንኛውም ወረቀት ላይ ዓመት ስትወስዱ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት እንዳለው ተመልከቱ፤ ምልክት ከሌለው ደግሞ ሰውዬው በተቀጠረበት፣ በተዳረበትና ጡረታ በወጣበት ጊዜ ስንት ዓመት እንደሚሆነው በእርሳስ አስሉት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስሌት ነው፤ እኔ ግን አላደረግሁትም።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየቃምን ሳለ፣ አብሮኝ ሦስተኛ ክፍል የተማረና ዛሬ መርካቶ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ፣ «የጫማውን ነገር ምነው ዘለልኸው?» አለኝ። የትኛውን ጫማ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንተንም እኮ ለክተውሃል» ብሎ ሳቀ። ያኔ ትዝ አለኝ። በየዓመቱ ጥቅምት አካባቢ የልኬት ትምህርት ላይ ስንደርስ እትዬ ስንዝርንና ክንድን ካስተማሩ በኋላ፣ «ዛሬ ደግሞ በጫማ እንለካለን» ይሉና ሁላችንንም በየተራ ወንበር ላይ አስቀምጠው እግራችንን በሲባጎ ይለኩ ነበር። እየለኩ ይቆርጣሉ፤ የማን ሲባጎ እንደሚረዝም እናወዳድራለን፤ እንጮኻለን። ጫማ ማለት የርዝመት መለኪያም እንደሆነ እኔ የተማርሁት በዚያ ቀን ነው፤ ትምህርቱም ያ ብቻ መስሎኝ 30 ዓመት ኖሬያለሁ። ጓደኛዬ እንደነገረኝ ግን እትዬ ከሲባጎዎቹ መካከል የባዶ እግር መጪዎቹን ለይተው ያስቀሩና፣ በሐሙስ ገበያ ያንን ሲባጎ ውስጡ እያስገቡ ኮንጎ ጫማ ይገዙ ነበር። ጫማውን ለልጁ አይሰጡም፤ እናቱን ወይም አባቱን ጠርተው፣ «ከዘመድ ተላከ በሉት» ብለው ያስረክባሉ። እሱ ይህን ያወቀው እናቱ ሊሞቱ ሲሉ ስለነገሩት ነው። እኔ ጫማ ነበረኝ። የእኔ እግር የተለካው የእሱ ብቻ ተለክቶ እንዳይታወቅበት ነው።

በሰልስቱ ዕለት የእህታቸው ልጅ፣ እትዬ ያሳደጓት ማለት ነው፣ ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ ያገኘችውን አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ ወጣች። ልትጥለው ነበር። ክዳኑ ዝጎ ስለነበር በማንኪያ ጀርባ ነው የከፈትነው። ውስጡ የሲባጎ ቁርጥራጭ ሞልቶበታል፤ ቡናማ የሆነ፣ ሰም የነካው የሚመስል፣ አንዳንዱ ከአውራ ጣቴ እስከ መኻል ጣቴ የማይደርስ። በእያንዳንዱ አንድ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ አንዱ ሁለት፣ አንዱ አራት፣ አንዱ ስድስት ቋጠሮ። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ግን አንዱን አንሥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋውና ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ይኼኛው ተረከዝ ነው። ይኼ ደግሞ ዴስኩ ነው፤ አራተኛ ዴስክ» አለ። ስም አልጻፉም ማለት ነው፤ ማንም ጣሳውን ቢከፍት የማን እግር እንደሆነ እንዳያውቅ በቋጠሮ ብቻ ለራሳቸው ያስታውሱ ነበር። ቆጠርናቸው፤ 61 ነበሩ። እንደገና መጻፍ እንዳለብኝ የወሰንሁት በዚያች ሰዓት ነው፤ እስከ አርባቸው ድረስ 37 ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ሰው ስለ ሟች ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያወጣው ቅጽል ነው። «እትዬ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብዬ የጠየቅኋቸው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ሁሉ «ደግ ነበሩ፣ ምን የመሰሉ ሰው!» አሉኝ፤ ደብተሬ ላይም ከዚያ በላይ የሚጻፍ ነገር አላገኘሁም። ጥያቄውን ስለውጥ መልሱም ተለወጠ። «ምን ያስቆጣቸው ነበር?» «ከእርሳቸው ጋር የሄዳችሁበት ሩቅ ቦታ የት ነው?» «ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ ላይ ስታገኟቸው እጃቸው ላይ ምን ይዘው ነበር?» ብዬ መጠየቅ ስጀምር ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ማሰብ ጀመሩ። ጣሳውንም ይዤ እዞር ነበር፤ ዕቃ ከጥያቄ የበለጠ ያናግራል። ስልክ አውጥቼ ድምፅ ልቅዳ ስል ግን ትልልቆቹ ሰዎች ወዲያው ሬዲዮ ላይ እንደሚናገር ሰው ሆኑብኝ፤ ስለዚህ ስልኩን ትቼ በደብተር ያዝሁ፣ ያልያዝሁትንም እዚያው ማታ ቤቴ ገብቼ ሳልተኛ ጻፍሁ። ሌላው ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር በጅማ ቤት የቡናው ተራ ወሳኝ መሆኑን ነው። በአቦሉ ስለ ጤና፣ በቶናው ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ የምትፈልጉት ታሪክ የሚወጣው በበረካው ስለሆነ ቸኩላችሁ አትነሡ።

እትዬ መንገድ የሚወዱ ሰው እንደ ነበሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም ነው በእርሳቸው ላይ ተረት የበዛው። የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. የመጀመሪያ ምድባቸው ሲደርሳቸው ዕድሜያቸው 21 ነበር። ያኔ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ምድብ የሚሰጠው ከዚሁ ሲሆን፣ እርሳቸው የደረሳቸው ግን ከቦንጋ ወዲያ በበቅሎ የሚኬድበት ባለ ሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ነው። በጭነት መኪና ጎጀብን ተሻግረው ቦንጋ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ከአንዲት የሥራ ባልደረባቸውና ከአንድ በቅሎ ነጂ ጋር በጫካ ውስጥ ሄዱ። መሽቶባቸው ሳለ አንድ አውሬ መንገዱን ዘግቶ ቆመ፤ እትዬም ጃንጥላቸውን ፊቱ ላይ ድንገት ቢከፍቱበት በርግጎ ሄደ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። አውሬው ምን ነበር ሲባል ግን ከቦንጋ የመጡ ዘመዳቸው ጅብ ነው አሉኝ፤ ሸቤ ላይ ያገኘኋቸው አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው ነብር አሉኝ፤ ጅማ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ስደርስ አንበሳ ሆኖ ቆየኝ። ወደ ከተማ በቀረበ ቁጥር ያድግ ነበር። በመጨረሻ አብረዋቸው የነበሩት ባልደረባቸው በሕይወት እንዳሉና አጋሮ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ ሰምቼ ሄድሁ፤ እርሳቸውም ትንሽ አስበው «ከርከሮ» አሉኝ። ከርከሮ ብዬ ጻፍሁ። እኔ የያዝሁት ደንብ ይህ ነበር፦ የነገሩን ባለቤት ወይም እዚያው የነበረ ሰው ካገኘሁ የእርሱን እወስዳለሁ፤ ካላገኘሁ ደግሞ ሁለት የማይገናኙ ሰዎች የሚስማሙበትን ብቻ እወስዳለሁ፤ ሁለቱም ካልተገኘ ትንሹን እንስሳ እመርጣለሁ።

ለእኔ ከጃንጥላው ይልቅ የሚበልጥብኝ የጠርሙሶቹ ነገር ነው፤ ይህን ማንም ሊያጋንንብኝ አይችልም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁና። በክፍላችን መስኮት ደፍ ላይ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙሶች ተደርድረው ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ በነጭ ፕላስተር የወንዝ ስም ተጽፎበታል፤ ጎጀብ፣ ግቤ፣ ዴዴሳ፣ አዋሽ፣ ባሮ፣ አባይ። እትዬ በየክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው መምህር ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እርሳቸው ወንዝ ጥየቃ ይሄዱ ነበር። ለባሮ ብለው በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርገው ጋምቤላ ድረስ በቡና ጭነት መኪና ጋቢና ወርደዋል፤ ያውም በሐምሌ ጭቃ። አንድ ቀን ወደ አዌቱ ድልድይ ይዘውን ወረዱና፣ እያንዳንዳችን አንዳንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ውኃው ላይ እንድንጥል አደረጉን። «ቅጠላችሁ ዛሬ የት ያድራል?» ብለው ጠየቁን። ከከተማው በታች ያለው ረግረግ ያልን ነበርን፣ አዲስ አበባ ያለም ነበር። ወደ ክፍል ተመልሰን በካርታው ላይ በጣታቸው አሳዩን፦ አዌቱ ግልገል ግቤን፣ ግልገል ግቤ ግቤን ይቀላቀላል፤ ግቤ ወርዶ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ከአጋሮ ወዲያ ያለው ዴዴሳ ግን አባይን ተቀላቅሎ በሱዳንና በግብፅ አድርጎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አንዱ ደመና የጣለው ዝናብ እዚህና እዚያ ማዶ ስለወደቀ ብቻ ሁለት ዓለም እንደሚሄድ የገባኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የአዌቱ ቅጠል ያን ያህል አይጓዝም፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ግቤ ግድብ ላይ ይቆማል።

ከሰው አንደበት ያላገኘሁትን ከወረቀት አገኘሁ። የመምህር የግል ማኅደር የትምህርት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ቤተሰቡ በማመልከቻ ቢጠይቅ የቅጥር፣ የዝውውርና የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዎችን ቅጂ ማግኘት ይቻላል፤ በእርግጥ ሦስት ጊዜ «ነገ ና» መባልን መታገሥ ይጠይቃል። የእትዬ ማኅደር ውስጥ ከምስጋና ወረቀቶቹ መኻል አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ያስተምሩበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት 52 ተማሪ ይዘው ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ ሊያሳዩ ሄደው ሲመለሱ ቢቆጥሩ 51 ሆነ፤ የጎደለው ልጅ ዓሣ ከሚያጠምዱ ወጣቶች ጋር ተቀምጦ ከአንድ ሰዓት ተኩል ፍለጋ በኋላ ተገኘ። ጥፋቱ የእርሳቸው ነበር፤ በመልሳቸውም ላይ አልካዱም፣ ብቻቸውን ይህን ያህል ልጅ ይዘው መውጣታቸው ስሕተት መሆኑን በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ አምነዋል። አንድ የቤተሰቡ ሽማግሌ ይህ ደብዳቤ በጽሑፉ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀው ተከራከሩኝ። እኔ ግን አስገባሁት፤ ምክንያቱም በማግስቱ ዓመት ያደረጉትን የሚያስረዳው እሱ ነው። ጉዞውን አልተዉም፤ ረጅም ገመድ ገዝተው በየክንዱ ርቀት አንዳንድ ቋጠሮ ቋጠሩበት፤ ሌላ መምህርም ከኋላ እንዲሆን ለመኑ። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በእግራችን ወጥተን ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥትና መስጊዱን ስናይ እኔም የገመዱን አሥራ አንደኛ ቋጠሮ ይዤ ነበር። ቋጠሮውን የለቀቀ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን አይደርሰውም ነበር። የገመዱ ታሪክ ከየት እንደ መጣ ያወቅሁት ከሞቱ በኋላ ነው።

ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻውና ስለ ቁቤው የነገሩኝ ደግሞ አብረዋቸው ያስተማሩ አንድ ሐጂ ናቸው። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ትምህርቱ በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ በኋላ 15 ደርሷል። እትዬ በአንድ የገበሬ ማኅበር ውስጥ ማታ ማታ በፋኖስ እናቶችን በኦሮምኛ በግእዝ ፊደል ያስተምሩ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ ሲወሰን ዕድሜያቸው 41 ደርሶ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ አዲስ ፊደል መማር የከበዳቸው ብዙ መምህራን እንደ ነበሩ ሐጂ አይሸሽጉም። እትዬ ግን ከሰዓት በኋላ ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጠው ደብተር አውጥተው ይጽፉ ነበር አሉኝ፤ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሳቸውም «እሺ መምህር» ይሉት ነበር። ከዚያ ወዲያ በ2003 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው ጡረታ እስኪወጡ የሆነው ሁሉ በአንድ አንቀጽ አልፎልኛል፤ ከጡረታ በኋላ ስለሄዱባቸው ላሊበላና ሐረርም ከፎቶግራፍ በላይ ያገኘሁት የለም።

ለመጻፍ የከበደኝ ልግስናቸው ነው። በጎ ሥራቸውን ለመንገር የተረዱትን ሰዎች ማጋለጥ ይመጣል። ሁለት ሴቶች ታሪካቸውን ከነገሩኝ በኋላ በማግስቱ ደውለው እንዳልጽፈው ለመኑኝ፤ አንዷ ለባሏም ነግራው አታውቅም። ስለዚህ በሁለተኛው ጽሑፍ ውስጥ ጫማ የተገዛለት የአንድም ሰው ስም የለም፤ የልኬቱን ትምህርት፣ ጣሳውንና 61 የሚለውን ቁጥር ብቻ ጻፍሁ። ልብስ ሰፊው ጓደኛዬን ግን ከፈለገ ራሱ ተነሥቶ ይናገር ብዬ ተውሁት። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ሟቹ ምስጢሩን እንዴት ይይዝ እንደ ነበር ተመልከቱ፤ እርሱ ያልጻፈውን ስም እናንተ አትጻፉት።

ሌላም ወገን አለ። የእህታቸው ልጅ አንድ ማታ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ «ለሰው ልጅ አዲስ ጫማ እየገዙ እኔ ሁለት ጊዜ የተጠገነ አድርጌ ነው ያደግሁት። ወር ሳያልቅ ጤፍ ያልቅብን ነበር። ይህንንም ጻፍ» አለችኝ። በቁጣ አልተናገረችውም፤ ግን ለ30 ዓመት የቆየ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። የጻፍሁትን አነበብሁላት፤ «ተቀየምሁ» የሚለውን ቃል አስወጥታ «አኮረፍሁ» በሚለው እንድተካው አደረገች፤ ቀሪውን ተወችው። ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ጸጥታ የሆነው ይህ አንቀጽ ሲነበብ ነው፤ ከእትዬ ደመወዝ የተገዛ ነገር ሁሉ ከሌላ ነገር ተቀንሶ እንደ ሆነ ያኔ ነው ሰው ያሰበው።

ስለ ንባቡም ጥቂት ልበል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ መዝገብ ቤት እንደለመድሁት «ከመሆኑም በላይ» እና «በመሆኑም» እያልሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ አስኬጄው ነበር፤ በወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል፣ በድምፅ ማጉያ ግን አንባቢው ትንፋሽ አጥሮት «እና» ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛውን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ እያነበብሁ የተደናቀፍሁበትን ሁሉ ቆረጥሁ፤ አራት ገጽ ሆነ፣ 11 ደቂቃም ፈጀ። ከዚያ ቢበልጥ ሕዝቡ ማዛጋት ይጀምራል፤ ቢያንስም የመጣው ሰው ቅር ይለዋል። ፊደሉን በትልቁ አሳተምሁት፤ ድንኳን ውስጥ ብርሃን የለም፣ አንባቢውም መነጽሩን ረስቶ ይመጣል። እኔ አላነበብሁትም፤ እትዬን ያረማቸው የሰባት ዓመት ልጅ ዛሬ ራሱ መምህር ስለሆነ በሐጂ በኩል አስፈልጌ እሱ እንዲያነበው አደረግሁ።

ንባቡ ካለቀ በኋላ ልብስ ሰፊው ተነሥቶ፣ «አራተኛ ዴስክ እኔ ነበርሁ» ብሎ ተቀመጠ። ሌላ ሰው አልተነሣም። ሰው ምሳውን በልቶ መበተን ሲጀምር ከአጋሮ የመጡት ባልደረባቸው በከዘራ እየተደገፉ ወደ እኔ መጡ፤ ጽሑፉን እንደወደዱት፣ የጎጀቡም መንገድ በትክክል እንደ ተጻፈ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከርከሮ ያልሁህ ግን፣ ልጄ፣ በጣም ስላስጨነቅኸኝ ነው። ጨለማ ነበር እኮ፤ ምንም አላየንም» አሉኝ። እስክርቢቶ አውጥቼ በቅጂዎቹ ሁሉ ላይ ከርከሮ የሚለውን ሰርዤ «አንድ አውሬ» ብዬ ጻፍሁበት።